ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ለጥርስ ሕክምና የሚያደርገው ዝግጅት



 ዛሬ የምናገርበት ርእስ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ ነው። የጥርስ ሕክምናው መጽሐፍ ስለ ጥርስ፣ ስለ ድድና ስለ መንጋጋ ያስተምራል። ስለ ጀርባ፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ነርቭ ሕመም የሚያስተምረው መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ነው። ለዓመታት አንገቱን፣ ወገቡን ወይም መላ አካላቱን ሲያመው የኖረ ሰው ጥርሱን ሊታከም ሲመጣ ግን ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ወንበር ላይ ይገናኛሉ።

የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ዝግጅት የሕክምናው አካል ነው፤ እንደ ጨዋነት ወይም እንደ ካርድ ክፍል ሥራ የሚታይ አይደለም። ዝግጅቱ ሲዘለል ሥራው በእጅ ጥበብ ረገድ የተዋጣ ቢሆን እንኳ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። የሚበላሸውም በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ጤነኛ ጥርስ ያለ ጥፋቱ ይነቀላል። ሁለተኛ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ የሳምንታት ሕመም ቀስቅሶ ይተዋል። ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የከፋ ነው የምለው፣ ታካሚው ዳግመኛ ላለመመለስ ወስኖ ይሄዳል፤ በኋላም ተሸክመውት የሚያመጡት ፊቱ አብጦ፣ መዋጥ አቅቶት ይሆናል።

ነገሩን ለመያዝ እንዲያመች አንዲት ታካሚ እናስብ። ለትምህርት ያሰናዳኋቸው ምሳሌ ናቸው እንጂ በእውን ያሉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸው 55 የሆነ፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ያደጉና አሁንም እዚያው የሚኖሩ እናት ናቸው እንበል። ወገባቸውና አንገታቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየደረቀ መጥቷል፤ ሌሊት ያማቸዋል። ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ይወስዳሉ፤ ሕመሙ ሲበረታ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝተው ይውጣሉ። አሁን የግራ የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ተቦርቡሮ ወደ እኛ መጥተዋል። እኚህን እናት እስከ ንግግሬ መጨረሻ ይዤ እሄዳለሁ።

ሥር የሰደደ ሕመም ምንድን ነው?

በአማርኛ ሕመም ስንል በሽታውንም፣ በሽታው የሚያመጣውን ስሜትም ማለታችን ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ሕመም የምለው ስሜቱን ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ መሠረት ሕመም ደስ የማያሰኝ የአካልና የስሜት ገጠመኝ ሲሆን፣ ከአካል ጉዳት ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ጉዳት ሳይገኝም ጉዳት ያለ ያህል ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚያምም ሲሆን ሥር የሰደደ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን የቻለ የምርመራ ስም አድርጎ መዝግቦታል። ስለዚህ «ምንም አልተገኘብዎትም» ማለት «ሕመም የለብዎትም» ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ ያሳተመው ጥናት የዚህን ነገር አንድ መሠረታዊ አሠራር አሳይቷል። ከጉዳት በኋላ ለውጡ በተጎዳው ቦታ ብቻ አይወሰንም፤ በአከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ሥርዓትም ራሱ ስስ ይሆናል። ሌባ ደጋግሞ የገባበትን ግቢ ዘበኛ አስቡ። መጀመሪያ የሚጮኸው አጥር ሲነቀነቅ ነበር፤ ኋላ ግን የጎረቤት ኮቴም ያስጮኸዋል። ዘበኛው አልዋሸም፤ ሰፈሩ እንዲህ አድርጎታል። በማዕከላዊ የነርቭ ሥርዓቱ እንዲህ ያለ ለውጥ የደረሰበት ሰው ለሌላው መጫን ወይም መነካት ብቻ የሆነው ነገር ሕመም ሆኖ ይሰማዋል። አፍን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መቆየት፣ የራስ ወደ ኋላ መዘንበል፣ የመሣሪያው ንዝረት፣ የመብራቱ ድምቀት ሁሉም ለእርሱ ሸክም ናቸው።

በዚህ ረገድ ቋንቋችን የሚሰጠንን እርዳታ አንናቀው። አማርኛ ተናጋሪ «ጥርሴን አመመኝ» ይላል። ሕመሙ አድራጊ ነው፤ ሰውየው ደግሞ የሚደረግበት። ስለ ዓይነቱም ብንጠይቀው ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይፈልጠኛል ብሎ ለይቶ ይነግረናል። «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» የሚለው ጥያቄ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ብርታቱን እንጂ ጠባዩን አይነግረንም። ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል የሚል ሰው ስለ ነርቭ እንድናስብ ይጋብዘናል። ሌሊት ይጠዘጥዘኛል የሚል ደግሞ ስለ ጥርስ ውስጠኛ ክፍል መቆጣት። ቃሉ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ግን ፍንጩን ጽፎ የሚይዝ ሐኪም በተሳሳተ ጥርስ ላይ መሣሪያ የማንሣቱ ዕድል ያነሰ ነው። የታካሚውን ቃል በካርዱ ላይ እንዳለ መጻፍን ተማሪዎች እንድትለምዱት አጥብቄ እመክራለሁ።

በእርግጥ የጥርስ ሕመም ነውን?

የመጀመሪያው ዝግጅት የሐኪሙ ነው፤ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ማረጋገጥ። በፊት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ከጥርስ አይመነጭም፤ ሥር የሰደደ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የመሳሳቱ አጋጣሚ ይበዛል።

ጉልህ ምሳሌ የሚሆነን የአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ውጋት፣ በሕክምና ስሙ ትራይጀሚናል ኒዩራልጂያ የሚባለው ነው። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ 2 ደቂቃ የሚቆይ፣ በአብዛኛው በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ሕመም ነው። ፊት ሲታጠቡ፣ ጥርስ ሲፍቁ፣ ሲያኝኩ፣ ነፋስ ሲነካቸው ይቀሰቀሳል። ታካሚው ጣቱን የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ በጥርሱ ላይ ስለሆነ አንዱ ጥርስ ይነቀላል፤ ሕመሙ አይቆምም፤ ቀጥሎ ያለው ይነቀላል። ይህ በዓለም ዙሪያ በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ የተመዘገበ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ግን መንቀያ አይደለም፤ በቅድሚያ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ነው።

ሁለተኛው የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመም ነው። ፋይብሮማያልጂያ በሚባለው መላ አካልን በሚያምም ሁኔታ በሚሠቃዩ ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል። ጡንቻው ሲጫኑት ሕመሙ ወደ ጥርስ ይተላለፋል፤ ጥርሱ ግን ሲመረመር ጤነኛ ነው። ሦስተኛው ከአፍ ውጭ የሚመጣ ነው። አቀበት ሲወጡ ወይም ሲሠሩ የሚነሣ፣ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መላክ አለበት።

ስለዚህ ጥርሱ በቀዝቃዛና በሙቅ ሲፈተን፣ ሲቆረቆርና በራጅ ሲታይ የሕመሙን ምክንያት ካላሳየ፣ መንቀል የለብንም። ታካሚው «ግድ የለም፣ ንቀልልኝና ልረፍ» ቢልም ቅሉ። የምናሳርፈው ጥርሱን ካልሆነ ሕመሙን እንዳይደለ ልንነግረው ይገባል። በምሳሌያችን ባሉት እናት ላይ ግን ቦርቡሩ ይታያል፣ ራጁም ያረጋግጣል እንበል። መንጋጋ ጥርሱ መነቀል አለበት።

የመድኃኒቱ ፌስታል

ሁለተኛው ዝግጅት መድኃኒት ነው። ቀጠሮ ሲሰጥ «የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፌስታሉ ይዘው ይምጡ» ማለት ከየትኛውም መጠይቅ የተሻለ ነው። ሰው የመድኃኒቱን ስም ሊረሳ ይችላል፤ ማሸጊያው ግን አይረሳም። ከሐኪም የታዘዘው፣ ከመድኃኒት ቤት በቃል የተገዛው፣ ከጎረቤት የተዋሰው፣ የባህል መድኃኒቱም ሁሉ ይካተት። ስለ ባህል መድኃኒት ስንጠይቅ ድምፃችን ውስጥ ተግሣጽ ካለ መልሱ «የለም» ይሆናል።

በፌስታሉ ውስጥ ምን እንፈልጋለን? የእኚህን እናት እንክፈተው። አሚትሪፕቲሊን ምራቅን ያደርቃል። ምራቅ ጥርስን የሚያጥብና አሲድን የሚያለዝብ በመሆኑ፣ ሲቀንስ ጥርስ በፍጥነት ይቦረቦራል። ምናልባት ወደ እኛ ያመጣቸው የሕመማቸው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒቱን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በየዕለቱ እንዲጠቀሙ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እንዲጎነጩ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ እንዳያዘወትሩ ለመምከር ግን ምክንያት ነው። የሚጠጡት ውኃ ራሱ ፍሎራይድ የበዛበት ከሆነ ሳሙናውን እንዳይውጡት እናስጠነቅቃቸዋለን።

አሚትሪፕቲሊን ሁለተኛም ነገር ይነግረናል። በማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ በደም ግፊትና በልብ ምት ላይ ያለው ኃይል ሊበረታ ይችላል። ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ግፊቱን አስቀድሞ መለካት፣ መጠኑን መቆጠብ፣ መርፌው የደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ስቦ ማየት፣ ቀስ ብሎ መስጠት ያስፈልጋል።

ዲክሎፌናክ ደግሞ የኢቡፕሮፌን ወንድም ነው። እርሱን እየወሰዱ ኢቡፕሮፌን ብናዝላቸው ሁለት አንድ ዓይነት መድኃኒቶችን ደረብን ማለት ነው፤ ሆድን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደምንም በቀላሉ እንዳይረጋ ያደርጋል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ በልዩ ልዩ ስም ይሸጣል፤ ጤነኛ ጉበት ያለው አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም።

ሌሎች ፌስታሎችን ስንከፍት የምናገኛቸውን በአጭሩ ላንሣ። ካርባማዜፒን ለሚወስድ ሰው ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ቢታዘዝ የካርባማዜፒኑ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ያዞረዋል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ እግሩን ያንገዳግደዋል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ደም መፍሰስን ያበረታል። ትራማዶል ከአሚትሪፕቲሊንና ከመሰሎቹ ጋር ሲደረብ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ዕውቅና ኢቡፕሮፌንም ሆነ አሞክሲሲሊን ሊታዘዝለት አይገባም። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አካሉ ለድንገተኛ ጫና የሚያስፈልገውን ሆርሞን ማመንጨት ሊያቅተው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይገባል። ለአጥንት መሳሳት ቢስፎስፎኔት የሚወስድ ሰውም ከንቅለት በኋላ የመንጋጋው አጥንት የመሞት አደጋ ስላለበት አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ለታካሚው ይነገረው፤ ለጥርስ ቀጠሮ ሲሉ የዘወትር መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። አሚትሪፕቲሊንን፣ ካርባማዜፒንን፣ ጋባፔንቲንን፣ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ ሕመም ያመጣል። በጸበል ላይ ያሉና በዚያ ምክንያት መድኃኒት ያቆሙ ሰዎችም እንዳሉ እናውቃለን። ይህን የምንጠይቀው ለመፍረድ ሳይሆን ዛሬ በአካላቸው ውስጥ ምን መድኃኒት እንዳለ ለማወቅ ነው።

አንገት፣ መንጋጋና ሰዓት

ሦስተኛው ዝግጅት በወንበሩ ላይ ስለሚተኛው አካል ነው። እኚህን እናት በስምጥ ሸለቆ የወለድኳቸው በምክንያት ነው። በዚያ ሸለቆ ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር መጠን በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ይሰጣሉ። በልጅነት ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ብዙ ፍሎራይድ የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና ጅማቱ ይደነድናል፣ አከርካሪው ይደርቃል፣ የአከርካሪው ቦይም ሊጠብ ይችላል። ጥርስ የሚበልዘው በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ብቻ ነው። ስለዚህ በጉልምስናው ለሥራ ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ግን የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጥርስ አይተን «ፍሎራይድ የለበትም» አንበል።

ይህ ለወንበሩ ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለውን አንገት እንደ ማንኛውም ታካሚ ወደ ኋላ ማዘንበል አደገኛ ነው። የሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውም ሰዎች የላይኛው የአንገት አጥንታቸው ሊላላ ስለሚችል ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ማደንዘዣው ሳይሰጥ፣ ታካሚውን በወንበሩ ላይ አስቀምጦ የሚመቻቸውን ማዘንበያ አብሮ መፈለግ ያስፈልጋል። የተጠቀለለ ፎጣ ከአንገት ሥር፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ከጉልበት ሥር ማድረግ ወጪ የለውም። እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወዲያው ቀና ማድረግ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ማለት ሊኖርበት ይችላል፤ ይበል።

መንጋጋም ይለካ። ታካሚው ሦስት ጣቱን አቁሞ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ከቻለ አከፋፈቱ ደኅና ነው። ካልቻለ ረጅም ሥራ ከመጀመር በፊት ማሰብ ያሻል። ሲሠራ በሚያርፍበት በኩል የአፍ መደገፊያ ጎማ ማድረግ ጡንቻውን ያሳርፋል፤ በየጥቂቱ ደቂቃ አውጥቶ አፍን ማስገጠምም እንዲሁ። ከቀጠሮው ቀደም ባሉት ቀናት ቆሎና የመሳሰለውን ጠንካራ ነገር ከማኘክ፣ ጫትም ከመቃም መቆጠብ መንጋጋውን ያሳርፈዋል።

ስለ ሰዓት ደግሞ መጻሕፍቱ አጫጭርና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይሻላል ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ክሊኒኩ በቅርብ ላለው ሰው ነው። እኚህ እናት ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ለሰዓታት ተጨናንቀው ተቀምጠው የሚመጡ ከሆነ ጉዞው ራሱ ሕመም ቀስቃሽ ነው። አራት አጫጭር ቀጠሮዎች አራት ጉዞ፣ ምናልባትም አራት አልጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ደቂቃ ይችላሉ?» ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ለመድረስ ምን ያስከፍልዎታል?» የሚለውም ነው። በስልክ ሊጠየቅ የሚችለው የመድኃኒት ዝርዝርና የሕመም ታሪክ በስልክ ቢጠየቅ፣ ራጁና ምርመራው በአንድ ቀን ቢጠቃለል፣ ከጉዞ በኋላ አረፍ የሚሉበት ቦታ ቢኖር፣ ያለ አንዳች አዲስ መሣሪያ ሕክምናው ይሻሻላል። ጠዋት መገጣጠሚያቸው ለሚደርቅባቸው ሰዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይልቅ 4 ወይም 5 ሰዓት ይስማማቸዋል።

ጾምም ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። እስከ ከሰዓት በኋላ እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው በወንበሩ ላይ ሊዞርበት ይችላል፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለውንም መድኃኒት በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራውን ይጎዳዋል። በረመዳን የሚጾሙትም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙ ሊያደርግ የሚገባው ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የሚቻለውን ሥራ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ፣ አስቸኳይ ከሆነም ታካሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት አባቱ ጋር እንዲመካከር ጊዜ መስጠት ነው።

ማደንዘዣውና ቃሉ

የማደንዘዣ ታሪክ በከፊል የጥርስ ሐኪሞች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ሆራስ ዌልስ በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ደንዝዞ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። በጥቅምት 1846 ዊሊያም ሞርተን፣ እርሱም የጥርስ ሐኪም፣ በቦስተን በኤተር ያደነዘዘው ታካሚ ላይ በሕዝብ ፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ዛሬ በየክሊኒኩ የምንጠቀምበትን ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራው ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን ነው። ሙያችን በዚህ ታሪክ ሊኮራ ይገባዋል። ኩራቱ ግን አንድ የተሳሳተ ልማድ አሳድሮብናል፤ ጥርሱ ከደነዘዘ ሕመሙ አለቀ ብለን እናስባለን። ሊዶኬይን አንድ ነርቭ ዝም ያሰኛል። የአንገቱን፣ የወገቡን፣ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ዝም አያሰኝም።

«አልደነዘዘኝም» የሚል ታካሚ ሲያጋጥመን ማመን የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ኬሚስትሪውም ይደግፈዋል። በተቆጣ ሥጋ ውስጥ አሲድ ስለሚበዛ የማደንዘዣው መድኃኒት ወደ ነርቩ ዘልቆ የሚገባው ክፍል ይቀንሳል። ስለዚህ ቦታ መለወጥ፣ ነርቩን ራቅ ብሎ ማደንዘዝ፣ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት እንጂ «ምንም የለም፣ ቻሉት» ማለት መልስ አይደለም። መርፌውንም በደቂቃ ወደ 1 ሚሊ ሊትር በሚጠጋ ፍጥነት ቀስ ብሎ መስጠት ሕመሙን ይቀንሳል።

መቻል በባህላችን የተከበረ ነው። እኚህ እናት ሕመማቸውን ችለው ስላደጉ በወንበሩ ላይ አይጮኹም፤ እጃቸውን ጨብጠው ይቆያሉ። የእርሳቸው ዝምታ ግን መደንዘዛቸውን አይመሰክርም። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ስምምነት እናድርግ፤ «እማማ፣ መጫን ይሰማዎታል፣ ድምፅም ይሰማሉ። ሹል ሕመም ከተሰማዎት ግራ እጅዎን ያንሡ፤ እቆማለሁ።» ሲያነሡም በእርግጥ መቆም ነው። አንድ ጊዜ ያልተከበረ ምልክት ዳግመኛ አይታመንም። «አይዞዎት» ደግ ቃል ነው፤ ከእርሱ ጋር እውነቱን ካልነገርን ግን ባዶ ይሆናል። «ምንም አያምዎትም» ብሎ ቃል መግባትም፣ «አሁን በጣም ይወጋዎታል» ብሎ ማስፈራራትም ሁለቱም ይጎዳሉ፤ የሚጠበቅ ሕመም የበለጠ ያምማልና።

ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ

አራተኛው ዝግጅት ከሥራው በኋላ ላሉት ቀናት ነው፤ እርሱም ከሥራው በፊት ይዘጋጃል። ደንዝዞ አፉ የተጣመመ፣ ደም የሚተፋ ሰው ምክር ሰምቶ አይዝም። ወረቀቱን አስቀድመን እንስጥ፤ አብሯቸው ለመጣው ልጅ ወይም ዘመድ እናስረዳ።

ከንቅለት በኋላ ላለው ሕመም ለአብዛኛው ሰው ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አብረው ሲወሰዱ በቂ ናቸው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ በቅድሚያ የሚመክረው ኦፒዮይድ ያልሆኑትን ነው። ለእኚህ እናት ግን «ዲክሎፌናኩን ወይም ኢቡፕሮፌኑን፣ አንዱን ብቻ» ብለን እንጽፋለን፤ ኩላሊታቸውን፣ ጨጓራቸውንና የደም ግፊታቸውን ጠይቀን። የመጀመሪያውን ፍሬ ማደንዘዣው ሳይለቅ እንዲወስዱ እንነግራቸዋለን። አንድ ጊዜ የተቀጣጠለን ሕመም ከማጥፋት ሳይቀጣጠል መያዝ ይቀላል። ለጥቂት ቀናት የቀዘቀዘ አጥሚትና ለስላሳ ምግብ፣ በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ቡና መተው፣ በርበሬ መቀነስ።

ከዚያም ስለ ማገርሸት በግልጽ እንናገር። «ከሥራው በኋላ አንገትዎና ወገብዎ ለጥቂት ቀናት ሊብስ ይችላል። ይህ ማለት ጥርሱ ተበላሸ ማለት አይደለም።» ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሕመሙ ሲነሣ አይሸበርም። ነገር ግን ተቃራኒውም አደጋ አለ፤ ታካሚውም ሐኪሙም ሁሉንም ነገር በአሮጌው ሕመም ያሳብባሉ። የንቅለት ሕመም በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በርትቶ ከዚያ መቀነስ አለበት። ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚብስ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ሕመም የተነቀለበት ጉድጓድ መድረቁን ያመለክታል። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ አለመቻል ደግሞ በዚያው ዕለት የሚያስመልስ ነው። እነዚህ በወረቀቱ ላይ በአማርኛ፣ ወይም ታካሚው በሚያነብበው ቋንቋ፣ በጉልህ ይጻፉ።

ለታካሚውና ለተማሪው

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም ይዘው የሚኖሩ ሰዎች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ለእናንተ የምመክረው አንድ ወረቀት ነው። በላዩ ላይ አራት ነገር ጻፉ፤ የሕመማችሁን ስምና የሚቀሰቅሰውን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ፣ በምን አኳኋን ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ እንደምትችሉ፣ ከዚህ በፊት በጥርስ ሕክምና ወቅት የረዳችሁንና የጎዳችሁን። ቀጠሮ ስትይዙ ስጡት፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ግን ለማንበብ ጊዜ አይበቃም። ጥርሳችሁ ሳያማችሁም ለምርመራ ኑ፤ ትንሽ ቦርቡር መሙላት ከመንቀል ያነሰ ጊዜ፣ ያነሰ ማደንዘዣ፣ ያነሰ የአንገት ድካም ይጠይቃል።

ለተማሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። በተጨናነቀ ክሊኒክ ውስጥ ዝግጅት ጊዜ ያባክናል የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። ወረፋውን አውቀዋለሁ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከዘረዘርኳቸው ነገሮች ብዙዎቹ ደቂቃዎች እንጂ ሰዓታት አይፈልጉም። ፌስታሉን መክፈት፣ ሦስት ጣት መለካት፣ ፎጣ መጠቅለል፣ በእጅ ምልክት መስማማት፣ አንድ ወረቀት መስጠት። ያለ ጥፋቱ የተነቀለ ጥርስ ግን አይመለስም፤ ፈርቶ የቀረ ታካሚም በመልእክተኛ አይመጣም።

ያሰብናቸው እናት መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቅሎ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ የወገባቸው ሕመም አይድንም፤ እኛም እንዲድን ቃል አልገባንላቸውም። የምንገባላቸው ቃል ያንሳል፤ ግን በእጃችን ያለ ነው። አንድ ሕመም ስናነሣላቸው ሌላውን ላለመጨመር የምንችለውን ሁሉ አስቀድመን እናስባለን።